አገር ስጠኝ

ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል። የመጀመሪያ ቋንቋውም «አፉን የፈታበት» ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን የተፈታው አፍ አልዘጋ ይላል፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎት የነበረው ቤተሰብ «ለፍላፊ» የሚል ስም ያወጣለታል።

በስሜን፣ በጃናሞራ ወረዳ ከተማ በመካነ ብርሃንና በዙሪያው ባለው የገብስ አገር፣ የዚህ ዕድሜ ልጅ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም። እሷ እሳት ስታነድ፣ ገብስ ስትቆላ፣ ውኃ ስትቀዳ እጇ ይሠራል፤ የእሱም ምላስ እንዲሁ። ጭሱ ጣራውን አልፎ ወዴት ይሄዳል? ጥጃዋ ለምን አታወራም? ጭላዳ ዝንጀሮ ገደል ላይ ተኝቶ ለምን አይወድቅም? ይህን የመጨረሻውን ለመጠየቅ የስሜን ልጅ መሆን ያስፈልጋል።

ጭላዳ ከተነሣ አይቀር፣ እሱም ዝምተኛ አይደለም። ቶር በርግማን የተባለ ተመራማሪ ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያማታ የሚያሰማው ድምፅ ምቱ ለሰው ንግግር እንደሚቀርብ እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፏል። የገብስ ማሳ ከጭላዳ የሚጠብቅ ልጅ እንግዲህ ከወሬኛ ጋር ይውላል ማለት ነው።

ልጅ ሲያወራ ቋንቋውን እየሠራው ነው። «ና» ለማለት «ምጣ» ቢል የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ስሕተቱ ሕግ የተከተለ ነው፤ «ወጣ» ብሎ «ውጣ» ካለ፣ «መጣ» ብሎ «ምጣ» ማለት ለምን ይከለከላል? የሚሰማው ሲያጣ ደግሞ ለራሱ ያወራል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ልጅ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ራሱን ያዝዛል፤ ቆይቶ ያ ወሬ ወደ ውስጥ ይገባና በሐሳብ ውስጥ የሚሰማ ንግግር ይሆናል።

ወላጅን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ፈጠራው ነው። በእቃቃ ጨዋታ የቆርቆሮ ክዳን ምጣድ፣ ጭቃ ሊጥ፣ ድንጋይ እንግዳ ይሆናል። «ዛሬ ቀይ ቀበሮ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነበር» ያለን ልጅ ውሸታም ብሎ መቅጣት ግን ሁለት ነገር ማደባለቅ ነው። ውሸታም እንዲያምኑት ይፈልጋል፤ ይህ ልጅ የሚፈልገው ለቀበሮው ሁለተኛ ስኒ እንዲቀዳለት ነው። ማርጆሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ከተከታተሏቸው አሜሪካውያን ልጆች ከመቶ 65ቱ እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ በሆነ ጊዜ የምናብ ጓደኛ ነበራቸው። ባዶ ጥግ ይዞ የሚያወራ ልጅ ጠበል ከመወሰዱ በፊት የጓደኛው ስም ማን እንደሆነ ቢጠየቅ መልካም ነው።

ጥያቄ በየቦታው እኩል አይበቅልም። ባርባራ ቲዛርድና ማርቲን ሂውዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ አራት ዓመት ገደማ የሆናቸው የእንግሊዝ ልጃገረዶች ቤት ውስጥ ከእናታቸው ጋር ሲሆኑ በሰዓት በአማካይ 26 ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፤ እነዚያው ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ 2 ብቻ። ስለዚህ ምድጃ ዳር የምትቆም እናት፣ ፊደል ባትቆጥርም፣ የልጇ ዋና መምህር እሷ ናት።

«ዝም በል!» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከድካም ይመጣል፤ ንጋት ላይ የተነሣች ሴት በዚህ አትወቀስም። አንዳንዴ ግን የሚመጣው መልሱ ስለማይታወቅ ነው። «አላውቅም» ማለት ለወላጅ ውርደት ሆኖ ይታያል፤ ያውም አለማወቅን ጨዋታ ባደረገ አገር!

ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይመለሳል። መልስ የጠፋበት አያፍርም። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፣ እሱም ጎንደርን ወይም ደባርቅን ይሰጣል፤ ባለድሉ በተሰጠው አገር ተንደላቆ፣ በተሸናፊው አላግጦ፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። ሽማግሌ በአምስት ዓመት ልጅ ተሸንፎ ማንም ቅር የማይለው በዚህ ሰዓት ነው።

ይህ ሥርዓት ቀን ላይም ይሠራል። ጭላዳ ከገደል ለምን እንደማይወድቅ የማያውቅ ወላጅ ልጁን ከመገሠጽ አገር ይስጠው። መካነ ብርሃንን ቢሰጥ እንኳ አይጎዳም፤ ልጁ እዚያው ነው የሚኖረው።