የአስተያየት ሳጥኑ ቁልፍ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በትምህርት ቤታችን መግቢያ ላይ የአስተያየት ሳጥን ሰቅለን ነበር። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ባዶውን ከረመ። እኔም «ቅሬታ የለም ማለት ነው» ብዬ ደስ አለኝ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን «ቲቸር፣ ቁልፉ እኮ እርስዎ ጋር ነው» አለችኝ። ቁልፉን ለወላጅ ኮሚቴ አስረከብኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ዐሥራ አንድ ወረቀት ተገኘ፤ ሦስቱ ስለ እኔ ነበሩ።

ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ለምን እንደሚያስፈልግ ተማሪዎች ሲጠይቁኝ ይህንን አስታውሳለሁ። መብትን የማስከበር ግዴታ ያለበት መንግሥት ነው፤ መብት ጥሶ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ሹም ነው። ስለዚህ አቤቱታ ተቀባዩ ከሚከሰሰው ወገን እጅ ውጪ መሆን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበላቸው የፓሪስ መርሆዎችም ኮሚሽኑ በሕግ የተቋቋመ፣ በቂ በጀት ያለውና ነጻ እንዲሆን ይጠይቃሉ።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ተቋቋመ፤ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በምንኖርባት ኬንያም ብሔራዊው ኮሚሽን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ሁለቱም አቤቱታ ተቀብለው ይመረምራሉ፣ እስር ቤቶችን ይጎበኛሉ፣ ሪፖርት ያወጣሉ፣ ስለ መብት ያስተምራሉ።

አንዳንድ ወላጆች «መፍረድ ካልቻለ ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ኮሚሽን ፍርድ ቤት አይደለም፤ ዋና መሣሪያው መርምሮ የደረሰበትን ለሕዝብ መግለጽና የመፍትሔ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ነገር ግን በደል ተመርምሮ በይፋ ከተጻፈ በኋላ ማንም ባለሥልጣን «አልሰማሁም» ሊል አይችልም። ያን ጊዜ ዝም ካለ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ምክር ቤቱና ሕዝቡም «ምን አደረግህ?» ብለው ካልጠየቁት የእነርሱም ነው።

እኔንም ሦስቱ ወረቀቶች ከሥራ አላስወጡኝም። በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲነበቡ ግን መልስ መስጠት ነበረብኝ። አንደኛው ያረፈዱ ልጆችን በሐምሌ ብርድ በር ላይ ማስቆሜን የሚቃወም ነበር። ልጁ ትክክል ነበር፤ ያ ቅጣት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀርቷል።

የዘንድሮ ተመራቂ ልጆቼ፣ ነገ ከእናንተ ውስጥ ኃላፊ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ በመሥሪያ ቤታችሁ ቅሬታ ካልሰማችሁ፣ ከመደሰታችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ፤ ቁልፉ እናንተ ጋር ሊሆን ይችላል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ!