ፒካፑን ማን ‹‹ከፍ አርገው›› አለህ?

ሰቆጣ ላይ መኪና ቆመ ሲባል ተከሳሹ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መንገዱ። ፍሪሲዮን ነደደ? መንገዱ። ባሌስትራ ተሰበረ? መንገዱ። የፊት ዘንግ ተበላ? ‹‹አይ የዋግ መንገድ!›› ይባልና ወሬው እዚያው ላይ ይዘጋል። መንገድ አፍ የለውም፣ ጠበቃ አያቆምም፣ ግምገማ ላይ ተነስቶ ‹‹እኔ አይደለሁም›› አይልም። ስለዚህ ዛሬ እኔ ጥብቅና ልቆምለት ነው። ቢያንስ በአንዱ ክስ፣ በፊት ዘንግ ክስ፣ መንገዱ ነፃ ሊወጣ ይገባል ባይ ነኝ።

መቼም መንገዱ ጥሩ ነው የሚል ሰው ካለ ከሰቆጣ በዝቋላ አድርጎ ወደ ሰሃላ አንድ ቀን ወርዶ ይሞክረው። ከደጋው ተነስቶ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ክረምት ላይ ደግሞ የሚሞላው ወንዝ ቀልድ የለውም። ግን ልብ በሉልኝ፤ ይህ መንገድ ትናንት አልተበላሸም። የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች እህል ጭነው፣ ሰው ጭነው፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ባንድ ላይ ጭነው ከዚህ የከፋውን ሲመላለሱበት ኖረዋል። መንገዱ ያው ከሆነ የተለወጠው ምንድን ነው? መኪናው ነው። በተለይ ደግሞ መኪናው ላይ የምንሠራው ሥራ።

የምላችሁ ነገር ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ደብል ጋቢና ፒካፕ ይገዛል። ገና የወንበሩ ላስቲክ ሳይነሳ ‹‹ትንሽ ዝቅ አለች፣ ከፍ እናርጋት›› ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ይሄ የጎረምሳ ጌጥ ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ በተነሳ ፒካፕ መንሳፈፍ የራሱ ወግ አለው፤ በገዛ ገንዘባቸው ነውና ማንም አይጠይቃቸውም። የሚገርመኝ ጌጡ የሕዝብ መኪና ላይ ሲመጣ ነው። ኃላፊው ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ኃላፊ አይመስለውም መሰለኝ። ‹‹ወንድ መኪና›› ይሉታል ደግሞ። (መኪና ወንድ ሲሆን ምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳኝ ካለ ጋራዥ ድረስ ቡና ጋብዤው እሰማዋለሁ።)

አነሳሱ እንዴት ነው? በድሮዎቹ ሃይሉክሶች፣ ከቪጎ በፊት በነበሩት፣ እንዲሁም በመጀመሪያዎቹ ዲማክሶች ላይ የፊቱን ክብደት የሚሸከመው ቶርሽን ባር የሚባል ተጠምዝዞ የሚሠራ ብረት ነው። መጨረሻው ላይ ቡሎን አለው። ያንን ቡሎን በቁልፍ ካጠበቁት የመኪናው ፊት ብድግ ይላል። ዕቃ አይገዛም፣ ደረሰኝ አይቆረጥም፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከቪጎ ወዲህ ባሉት ደግሞ ከሞላው በላይ ወፍራም ቀለበት ይገባል። መኪናው ቆሞ ሲታይ ግርማ አለው። ፎቶም ይወጣለታል።

እስቲ አሁን ጎንበስ ብለን ከሥር እንየው። ሃይሉክስ ፊቱ ላይ ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻቸው ነው የሚወጡትና የሚወርዱት። ዲፍረንሻሉ ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ከዲፍረንሻሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ የሚሄዱ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉ፤ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ሲቪ ጆይንት የምንለው መገጣጠሚያ አለ። የውጪው መገጣጠሚያ ሆድ ውስጥ ስድስት የብረት ኳሶች በቦይ ውስጥ ተቀምጠው ጎማው ሲታጠፍም ሲወጣና ሲወርድም ኃይሉን ያስተላልፋሉ። ሁሉም በግሪስ ተሞልቶ በሚታጠፍ የጎማ ሽፋን ይታሸጋል። አሠራሩን የነደፈው አልፍሬድ ርዜፓ የሚባል መሐንዲስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ መቶ ዓመት የሠራ ብልህ ነገር ነው። አንድ ጠላት ግን አለው፤ ማዕዘን።

ሻንሲው ከፍ ሲል ዲፍረንሻሉ አብሮ ከፍ ይላል፤ ጎማው ግን መሬት ላይ ነው፣ የትም አይሄድም። ስለዚህ ቀድሞ ወደ አግድም የተጠጋው ዘንግ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። በሁለቱ መገጣጠሚያዎች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር አለ ብለን ብንይዝ፣ የ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 7 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ካነሳችሁት 14 ዲግሪ። ምን አላት ትሉ ይሆናል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲዞር ኳሶቹ በቦያቸው ውስጥ ብዙም አይንቀሳቀሱም። ባዘቀዘቀ ቁጥር ግን በእያንዳንዱ ዙር ወደፊትና ወደኋላ ይፋተጋሉ። የፒካፕ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ400 ጊዜ በላይ ይዞራል። 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ማለት ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ፍትጊያ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ቦዩንም ይበላዋል።

ከዚህ የባሰው ግን የጎማ ሽፋኑ ነው። ማዕዘኑ ሲበዛ የሽፋኑ እጥፋቶች በአንድ ጎን ተጨፍልቀው እርስ በርስ ይፋጫሉ። ትንሽ ቀዳዳ ትከፈታለች። ዘንጉ እየዞረ ግሪሱን ይረጨዋል (የጎማችሁ ውስጠኛ ገጽ ጥቁር ቅባት ከለበሰ ያ ነው)፣ በቦታው የተከዜ አሸዋ ይገባል። ግሪስና አሸዋ ሲደባለቁ ምን እንደሚሆኑ ቢላ የሳለ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ መሪው ተጠምዝዞ ሲነሳ ‹‹ቋ ቋ ቋ›› ማለት ይጀምራል። ያኔ ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርግ ሾፌር አይቻለሁ።

አንድ ስህተት ደግሞ ከሥሩ መነቀል አለበት። ‹‹ላንድክሩዘሩን ስናነሳው ምንም አልሆነ፣ ሃይሉክሱ ለምን ይሆናል?›› የሚባል ክርክር አለ። መኪኖቹ አንድ አይደሉማ! ላንድክሩዘር ፒካፑና ሃርድ ቶፑ ፊታቸው ላይ ወጥ አክስል ነው ያላቸው፤ ዲፍረንሻሉና ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ቤት ውስጥ ናቸው። ሻንሲውን ብታነሱት በዲፍረንሻሉና በጎማው መካከል ያለው ዘንግ ማዕዘኑ አይለወጥም። የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ከካምቢዮ ወደ ፊት የሚመጣው ረጅም ዘንግ ክሮቼራ ይጨነቃል፣ መሪውም ቀጥ ብሎ መሄድ ይለግማል። ደግሞ ልጨምርላችሁ፤ ላንድክሩዘሩን በሞላ ስታነሱት ድንጋይ የሚመታው ዲፍረንሻል ካለበት አንድ ጣት አይነሳም። እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ ‹‹ድንጋይ እንዳይነካው አነሳነው›› የሚባለው ለላንድክሩዘሩ ተረት ነው፣ ለሃይሉክሱ ደግሞ ውድ መድኃኒት።

ሌላም አለ። የፊት ሃቡ በእጅ የሚቆለፍ ከሆነና ከተከፈተ፣ በአስፋልት ስትሄዱ የፊት ዘንጎቹ አይዞሩም፤ ያርፋሉ። ብዙዎቹ አዳዲስ ፒካፖች ግን ግንኙነቱን ዲፍረንሻሉ ላይ በራሱ የሚያላቅቅ መሣሪያ ነው ያላቸው። እዚያ ላይ ፎር ዊል ባታስገቡም ዘንጎቹ ከጎማው ጋር ሁልጊዜ ይዞራሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በተነሳ ፒካፕ ለስብሰባ ባሕር ዳር ተሂዶ ሲመለስ፣ አንድ ድንጋይ ሳይረገጥ፣ ዘንጉ በክፉ ማዕዘኑ ሙሉውን መንገድ ሲፋተግ ነው የሚውለው። ሰሃላ ገና አልተደረሰም። ሰሃላ ሲደረስና ሲሰበር ግን ወንጀለኛው የሰሃላ ዳገት ነው።

ዳገቱ የሚሠራው የመጨረሻውን ሥራ ብቻ ነው። በከባድ ማርሽ፣ ፎር ዊል ገብቶ፣ ከኋላ ከመጠን በላይ ተጭኖ፣ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲረገጥ ቀድሞ የተበላው መገጣጠሚያ ይፈነዳል። ሾፌሩ በዚያች ደቂቃ መሪው ላይ ስለነበረ ‹‹አያያዝ አያውቅም›› ተብሎ ይጻፍበታል፤ አንዳንዴም ከደመወዙ ይቆረጣል። ቡሎኑን ያስጠበቀው ሰው ደብዳቤውን ይፈርማል።

አንድ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፤ ስሙን ተዉት። ሾፌሩ የጎማ ሽፋኑ መቀደዱን በቃልም በጽሑፍም አሳወቀ። ‹‹ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ›› ተባለ። ሽፋንና አንድ ጣሳ ግሪስ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ! ሰቆጣ ላይ ዕቃውን የያዘ ሦስት ሱቅ ከየት ይምጣ? ወረቀቱ ሲንከባለል መኪናው እየሄደ ነበር፤ ለሥራ ማስኬጃ አበል የሚሆን ገንዘብ አልጠፋም። በመጨረሻ የተገዛው ሽፋን ሳይሆን ሙሉ ዘንግ ነው፤ እሱም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸንፎ፣ ከየት እንደተሠራ የማይታወቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ከውጭ የሚመጣ የመኪና ዕቃ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ኪሳችሁ ነግሯችኋል።

‹‹እና ምን ይሁን? ዘንግ ነው፣ ይቀየራል›› የሚል አይጠፋም። ለሱ ስለ ሰሃላ ልንገረው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም በነበረው ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት የዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዷ ሰሃላ ናት። ከዚያ በፊት በ2013 መጨረሻ ሰቆጣ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ 2014 ዓ.ም ቆይታለች፤ ከጦርነት የተረፈ መኪና ዓይን ነው። አምቡላንስ ሲቆም ተተኪው የጤና ጽሕፈት ቤቱ ፒካፕ ነው። የክትባት የበረዶ ሣጥን የሚወርደው በፒካፕ ነው፤ በረዶው ደግሞ ፕሮፎርማ አይጠብቅም፣ ይቀልጣል። ምጥ የያዛት እናት ፒካፑ ካልመጣ በቃሬዛ ነው፤ አራት ጎረምሳ ተሸክሟት፣ አራቱ እየተተካ፣ ያንን ‹‹መኪና ሰባሪ›› የተባለ መንገድ በእግር። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም አጠፋለሁ ብሎ የገባው ቃል ስሙ ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› ነው። በኛ ስም! ቃል ኪዳኑ ግን ቀበሌ የሚደርሰው በራሪ ወረቀት ላይ ታትሞ አይደለም፤ አልሚ ምግቡም ባለሙያውም በአራት ጎማ ነው የሚሄዱት። ከአራቱ ሁለቱ የፊት ናቸው።

ሌላው ዝም የሚባልበት ነገር መገልበጥ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቴክኒከንስ ቫርልድ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት አዲሱን ሃይሉክስ በድንገተኛ የመሪ ጥምዘዛ ፈትኖት በሁለት ጎማ ቆሞ ነበር። ያ ከፋብሪካ በወጣበት ቁመቱ ነው፣ በአስፋልት ላይ ነው። እኛ ያንኑ መኪና ከፍ አድርገን፣ ከኋላ አስር ሰው አቁመን፣ በገደል አፋፍ እናስኬደዋለን። ከዚያ ‹‹እግዚአብሔር ያውቃል›› እንላለን። እሱማ ያውቃል። እኛም እናውቃለን።

ለተቃዋሚዎቼ ፍትሐዊ ልሁን። መኪናው አርጅቶ፣ ሞላው ደክሞ ወርዶ ከሆነ ወደ ፋብሪካው ቁመት መመለስ ማንሳት አይባልም፤ ጥገና ነው፣ ይደረግ። ጭነት የሚበዛበት ከሆነ በዚያው ቁመት የሚሸከም ጠንከር ያለ ሞላና ባሌስትራ ይግባለት። ከሥር ድንጋይ ይመታኛል የሚል ወፍራም ላሜራ ያስገጥም። የግድ መነሳት አለበት የሚል ካለ ደግሞ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ዲፍረንሻሉንም ትንሽ ዝቅ የሚያደርገው ዕቃ አብሮ ይግባ፣ ማዕዘኑ እንዲቀንስ። ይሄን ሁሉ ጥሩ መካኒክ ያውቀዋል። ችግሩ መካኒኩ አይጠየቅም፤ ይታዘዛል እንጂ። ‹‹ጌታዬ፣ ይሄ ዘንጉን ይበላዋል›› ሲል ‹‹አንተ ሥራህን ሥራ›› ይባላል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለኃላፊዎቹ ነው። የዞንም የወረዳም የንብረት ክፍሎች በየመኪናው ከጎማው እምብርት እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው መዝገብ ላይ ያስፍሩት፤ ከፋብሪካው ልክ በላይ የሆነውን ማን እንዳዘዘ ስሙ ይጻፍ። የጎማ ሽፋንና ግሪስ ያለ ፕሮፎርማ፣ በሾፌሩ ፊርማ፣ ከስቶር የሚወጣ ይሁን። ዘንግ የተሰበረበት ሾፌር ደመወዝ ከመቆረጡ በፊት የቶርሽን ባሩ ቡሎን ይታይ። ነገ ጠዋት ደግሞ፣ ከስብሰባው በፊት፣ ኃላፊው ራሱ ወደ ግቢው ይውረድና ሾፌሩን ‹‹መሪውን እስከ ጥግ አዙረህ ቀስ ብለህ ዙርልኝ›› ይበለው። ሬዲዮኑ ተዘግቶ።