ክረምቱ ያልፋል፤ የኪራይ ቤቷ ልጅስ?

ክረምት በመጣ ቁጥር ገጾቻችን በአንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላሉ። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ ልጆቻችን አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ አካፋና ዶማ ይዘው፣ የአንዲት እናት ጎጆ ፊት ለፊት ተሰልፈው። ከሥሩ ላይክ ይዘንባል፤ «በርቱልን» ይጎርፋል።

እኔም በርቱ እላለሁ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ ሐምሌ ላይ የሚያፈስ ጣሪያ የተደፈነላቸው እማማ ምን ያህል እንደሚመርቁ ያውቃል። ደም መለገሱም፣ ችግኝ መትከሉም፣ የአቅመ ደካማ ቤት መጠገኑም ደግ ሥራ ነው። ማንም ተነስቶ አያጣጥለው።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። መስከረም ጠብቶ ሁላችሁም ወደየግቢያችሁ ስትመለሱ፣ ከሠራችሁት ውስጥ ጥር ላይ ቆሞ የሚገኘው የትኛው ነው? የጥርን ፎቶ የለጠፈ አላየሁም።

ሐሳቤን ቶሎ ልናገር። በመንዝ፣ በግሼና በመርሃቤቴ ከተሞች አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ ከገጠር መጥቶ በኪራይ ክፍል ስንቅ እየበላ የሚማረውን ልጅ ማስጠናት ነው። ያንንም ለተተኪ ሳያስረክቡ ከተማውን አለመልቀቅ ነው።

ለምን እሱ? ድሃ ሰፈር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአዲስ አበባን ጉራንጉር ነው። የወረዳ ከተሞቻችንን ድሃ ሰፈር ማየት የሚፈልግ ሰው እሑድ ከሰዓት በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ መግቢያ ላይ ይቁም። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ሰዓታት የተጓዙ ልጆች ስንቃቸውን አዝለው ሲገቡ ያያል። የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ሽሮ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነው፤ ቤታቸው ያለው ከገደሉ ማዶ። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው የጓሮ ክፍል ይከራያሉ፤ አንድ ፍራሽ ላይ ባና ደርበው ያድራሉ፤ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ወይ በስልክ ባትሪ ያነባሉ። አርብ ሲደርስ ስንቅ ያልቃል፤ ተመልሶ ወደ አገር ቤት ጉዞ።

የሚያከራዩዋቸው እናቶችም ሀብታም አይደሉም። ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ ናቸው። እንግዲህ ድህነት በድህነት ላይ ተከራይቶ የሚኖርበት ሰፈር ይኼ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ውሃ መቅዳቱም፣ ወጥ መሥራቱም በእሷ ላይ ነው። ወንድሞቿ ደብተር ሲገልጡ እሷ እሳት ታቀጣጥላለች። ትምህርት ስታቋርጥ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ተዳረች ይባላል፣ አለቀ።

እናንተ ዛሬ ምህንድስና፣ ሕግ፣ ጤና የምትማሩ የዚህ አገር ልጆች፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ ከዚያች ክፍል የወጣችሁ? ለዚህ ሥራ የችግር ጥናት አያስፈልጋችሁም። ጥናቱን ኖራችሁታል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከድሮው ብሷል። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሞላሌና መዘዞ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ባለው ግጭት በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ፈተናው ግን ማንንም አልጠበቀም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የሆኑበት ጊዜ ነው። ላይብረሪና አስጠኚ ያለው የከተማ ልጅ እንዲህ ከወደቀ፣ በኩራዝ የሚያነበው የግሼ ልጅ በምን ተዓምር ይለፍ?

የተማሪ አገልግሎት በአገራችን ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳይመስለን። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት»ን ጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። ብዙው የሄደው መምህር ሆኖ ነው። ከዚያ ታኅሣሥ 1967 ደርግ «እድገት በኅብረት» ብሎ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር አዘመተ። ፊደል አስቆጠሩ፤ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ፤ የመሬት አዋጁን አስፈጸሙ። ግን ዘመቻው ከላይ የወረደ ትእዛዝ ነበር። ዘማቹና መንግሥት ሲጣሉ ብዙው ሥራውን ጥሎ ሄደ፤ በ1968 ነገሩ አበቃ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዩኔስኮ እስኪሸልመው ድረስ ተሳክቶለት ነበር። ሆኖም ፊደል ከለየ በኋላ የሚያነበው አጥቶ መልሶ የረሳው ገበሬ ብዙ ነው።

ያኛው ትውልድ ድፍረት አልጎደለውም። ሕዝቡን ይወድ ነበር፤ በወጣትነቱ ሞቶለታልም። የጎደለው ተረካቢ ነው።

በሌላ በኩል ጎንደርን እዩ። የደንቢያ ወባ ሺዎችን በቀጠፈ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። እዚያ የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ ይመደባሉ፤ እዚያው እየኖሩ ይሠራሉ፣ ይማራሉ። አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ይገባል። ዘፈንም መፈክርም የለውም፤ ግን ይቀጥላል። የጤና ተማሪዎች የቡድን ሥልጠና የሚባለው ዛሬም ድረስ ያለው ለዚህ ነው።

ወደ መርሃቤቴም ተሻገሩ። ካርልሄንዝ ቦም የሚባል የኦስትሪያ ተዋናይ ያቋቋመው «ሰዎች ለሰዎች» በ1980ዎቹ መርሃቤቴ ገባ። የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ድርጅቱ ፎቶ ተነስቶ አልሄደም፤ ለዓመታት ተቀምጦ፣ ሠርቶ፣ አስረክቦ ነው የወጣው። ባዕድ ሰው ለዓመታት በተቀመጠበት አገር፣ የአገሬው ልጅ ሁለት ሳምንት ሠርቶ «አገለገልኩ» ሲል ትንሽ አያሳፍርም?

እንዲያውም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ደቦ ሕግ አለው። ባለ ማሳው ይጠራል፤ ጠላና ንፍሮውን ያዘጋጃል፤ የቱ ጋ እንደሚጀመር ያሳያል። የመጣው ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ ይሄዳል፤ እህሉን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። ሳይጠራ የሰው ማሳ ገብቶ የሚያርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ በጎ ፈቃድ ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ግቢ ውስጥ አቅደን፣ ባነር አሳትመን እንመጣለን፤ የሰፈሩ ሰው ተመልካች ይሆናል። ተመልካች ደግሞ የሠርጉን ድንኳን አይጠብቅም።

ጓሳንስ አስቡት። የመንዝ ሰው ያንን ደጋ ለዘመናት ጠብቆ የኖረው በራሱ ሥርዓት ነው። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ የሰበረ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን ሥርዓት ሲያፈርሰው፣ ሕዝቡ በቀበሌዎቹ በኩል ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ። ጓሳ ዛሬም ያለው ባለቤት ስላለው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እንዲህ ብናደርግስ።

መጀመሪያ ጠይቁ። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር፣ አከራይ እናቶችን፣ ከሁሉም በላይ ልጆቹን። ምናልባት እናንተ ፊዚክስ ልታስጠኑ ስትመጡ፣ ልጁ የቸገረው የእንግሊዝኛውን ጥያቄ አንብቦ መረዳት ይሆናል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያልተያዘ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ላይ አይያዝም።

ቀጥሎ ክፍልና ብርሃን ፈልጉ። አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆን መማሪያ ክፍል፣ የእድር አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከል አለ። አንድ የሶላር መብራትና ጥቁር ሰሌዳ ሃያ ልጅ ያስጠናል። ሴቶቹ ሳይመሽ እንዲጨርሱ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ አስጠኚ ሴት እህት ይኑር። ከአከራዮቹ ጋር ተነጋግራችሁ የውሃውና የወጡ ሥራ በተራ እንዲሆን ወንዶቹን አስማሙ። ይኼ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አንዲት ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትደርሰው ግን በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ነገር ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ተተኪውን ክረምቱ ሳያልቅ ያዙት። በየከተማው ተመርቆ ሥራ ያጣ ወንድም አለ፤ መምህር አለ፤ ነርስ አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯችሁ ያስጠና። እናንተ ግቢ ስትገቡ ሃያ ሆናችሁ በወር 50 ብር ብታዋጡ 1,000 ብር ነው፤ ለጠመኔ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለአስጠኚው የስልክ ካርድ ይሆናል። አንድ ደብተር ይኑር፤ ማን መጣ፣ የት ደረሱ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ የሚል ይጻፍበት። የሚቀጥለው ክረምት ቡድን ከዚያ ደብተር ይጀምራል እንጂ ከባዶ አይጀምርም።

ሕግ የምትማሩ ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው እንደሚሰጠው የነፃ የሕግ ምክር ዓይነት፣ በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ለአከራይዋ እናት ማመልከቻ ጻፉላቸው። ጤና የምትማሩ፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ የኪራይ ክፍሎቹን አትዝለሉ። ሰፈሩ አንድ ነው።

«አገር በጦርነት እየታመሰ ስለ ማስጠናት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ስለ ማስጠናት ነው የማወራው። መንገዱ ያልተከፈተበት ቦታ አለ፤ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ቦታ አለ። ማንም ነፍሱን አደጋ ላይ ጥሎ ይሂድ አልልም። ግን ደብረ ብርሃን ላይ ተፈናቅለው በቻይና ካምፕና በወይንሸት ያሉ ልጆች አሉ፤ ትምህርት ፍለጋ ወደ ከተማ ዘመድ ቤት የመጡ አሉ። እነሱ ጋ ለመድረስ የሚያስፈልገው ታክሲ ብቻ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ የድሮ ፈተና ከነማብራሪያው ታትሞ በተሳፋሪ እጅ ይሄዳል። ጦርነት ነገ ያልቃል፤ ያልተማረ ልጅ ግን ነገም ያልተማረ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልለምን። የጥናት ጠረጴዛው ላይ ፖለቲካችንን አናስቀምጥ። የእኛንም ጭምር ነው የምለው። ልጁ የማንም ደጋፊ ሳይሆን አልጀብራ ይማር። ሲያድግና ሲያውቅ የራሱን ይመርጣል። አስጠኚ ወገን ከያዘ ነገ ክፍሉ ይዘጋል፤ የሚከፍለው ልጁ ነው። የልጆቹን ፊት፣ የሚያድሩበትን ክፍል፣ የተቀደደ ጫማቸውንም አትለጥፉ። ድህነቱ የእነሱ ገመና ነው፣ የእኛ ፖስት አይደለም። ፎቶ ካስፈለገ ደብተሩን አንሱ።

ሕዝቤን እወዳለሁ ማለት ቀላል ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ በየቀኑ እንለዋለን። ያ ሕዝብ ግን ስም አለው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ አስቸግሮታል፤ ስንቁ አርብ ያልቅበታል። በዚህ ክረምት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ አምስት ጓደኛሞች ካላችሁ፣ ቲሸርት ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ጥር ላይ ያንን ክፍል የሚከፍተው ሰው ማን ነው? ስሙን ከያዛችሁ ሂዱ፣ ጀምሩ። ካልያዛችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።