ደራሲው በራሱ ገንዘብ ያሳትም ወይስ ለአሳታሚ ይስጥ?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ ከሚነግዱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ መጽሐፍን እንደ ስንዴ፣ እንደ ቡናና እንደ ዝንጅብል የንግድ ዕቃ አድርገው አይቈጥሩትም። ሆኖም ልብ ወለድ ጽፎ የጨረሰ ሰው ብዕሩን እንዳስቀመጠ የሚገጥመው ጥያቄ የካፒታል ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሥራውን ለአሳታሚ ሰጥቶ ድርሻውን ይጠብቅ ወይስ ገንዘብ ፈልጎ በራሱ ያሳትም የሚለው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁመው መጻሕፍታቸውን አሳትመውበታል። በሌላው ወገን ደግሞ አሳታሚ ማግኘት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጥቶ ብዙ ሳይቈይ ከገበያ ተሰብስቧል።

አንባቢያችን ነጋዴ ነውና ስሌቱን እንመልከት። አኃዙ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ ነው። 1,000 መጽሐፍ እያንዳንዱ በ200 ብር ቢታተም 200,000 ብር ይወጣል። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ሆኖ አከፋፋዩና ቸርቻሪው 35 በመቶ ቢወስዱ ለደራሲው ከአንዱ 260 ብር ይቀርለታል፤ እንግዲህ 770 መጽሐፍ እስኪሸጥ ድረስ የሚደክመው ያወጣውን ለመመለስ ነው። ሁሉም ቢሸጥለት ትርፉ 60,000 ብር ነው። አሳታሚ ወጪውን ችሎ ከሽፋኑ ዋጋ 10 በመቶ ቢከፍለው ግን አንድ ሳንቲም ሳያወጣ 40,000 ብር ያገኛል። ለ20,000 ብር ብልጫ 200,000 ብር ለአደጋ ማጋለጥ የትኛውም ባለሱቅ ለልጁ የሚመክረው ንግድ አይደለም። እኩሌታው ብቻ ቢሸጥማ በራሱ ያሳተመው 70,000 ብር ሲከስር፣ ለአሳታሚ የሰጠው 20,000 ብር ይዞ ይገባል።

ስለዚህ ለአሳታሚ ይስጥ ብሎ መፍረድ ቀላል ነበር። ዳሩ ግን በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ የተጻፈ ልብ ወለድ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ደራሲ የማንን በር ያንኳኳል? በዚያ ያለው አሳታሚ አንባቢው ከመደርደሪያው 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ ገንዘቡን ለመድፈር ቢያመነታ አይፈረድበትም። አንባቢው ያለው እኛ ዘንድ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የሀዲያ ዞን ሕዝብ ብቻ ከ1 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ በላይ ነበረ፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን ነው፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሻገረውም ወገናችን ጥቂት አይደለም። ላኪዎቻችን ይህን የመጨረሻውን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ገበያው እዚሁ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። የከተማችን ባለሱቅ በ15 በመቶ ረክቶ በእጅ በእጅ ቢገዛ ለደራሲው ከአንዱ መጽሐፍ 340 ብር ይቀርለታል፤ ያወጣውንም በ589 መጽሐፍ ይመልሳል። ጥቂት ነጋዴዎች ተባብረው የኅትመቱን ወጪ ቢሸፍኑና ደራሲውን በመቶኛ ቢከፍሉት ደግሞ አሳታሚው ራሳቸው ሆኑ ማለት ነው፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። መጽሐፍ እንደ ዝንጅብል አይበሰብስም፤ አይጥና እርጥበት ግን ይወዱታል።

ወጪው ቀላል ነው አልልም። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለውን አስመጪዎቻችን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የማተሚያ ቤት ዋጋ ዛሬ ተጠይቆ ከርሞ የማይጸናውም ስለዚህ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅጂ መብት ጥበቃ የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 410 የደራሲውን የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ኅትመት ወጪ የቻለ ነጋዴ የሁለተኛውንም ባለቤት ሆንሁ እንዳይል፣ ስንት ቅጂ ለማሳተም እንደ ተስማሙ በቍጥር ይጻፍ። በአደራ የሚረከብ ባለሱቅም የተቀበለበትን ቀንና ብዛት በደረሰኝ ያስፍር፣ ሒሳቡን በየወሩ ይዝጋ፣ ያልተሸጠውንም ሽፋኑ ሳይቀደድ ይመልስ። ዱቤውን ዓመት ሙሉ እያጓተተ ደራሲውን ከሱቅ ሱቅ የሚያንከራትት ነጋዴ ለስኳር አቅራቢው እንዲህ ቢያደርግ በሚቀጥለው ሳምንት ስኳር አያገኝም ነበር።