«ትልቁ ልጅ» እኮ ገና ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው!

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ሚዛን ተፈሪ ጎራ ብዬ ነበር። ያረፍኩት አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት ነው። ስሟን አልጠራም፤ ታኮርፈኛለች። ሦስት ልጆች አሏት። የመጀመሪያዋ አራት ዓመቷ፣ ሁለተኛው ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሦስተኛዋ ገና የሁለት ወር ጨቅላ። በላይ በላዩ ማለት ይሄ ነው!

የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ የታጠበ ጨርቅ ነገም አይደርቅም። ጓደኛዬ የሕፃኗን ጨርቅና የልጁን ሱሪ ምድጃ ዳር ደርድራ በጭስ ታደርቃለች። በየቀኑ ዳይፐር ልግዛ ብትል ደግሞ ኪሷ አይችልም።

ልጁ ፖፖ ላይ መቀመጥ ለምዶ ነበር አለችኝ። ሕፃኗ ስትወለድ ግን ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ሱሪው ላይ ይሸናል፤ ፖፖውን ሲያይ ይሸሻል። አንድ ጠዋት አንሶላው ከተቀየረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አልጋው ላይ ለቀቀው። እናት ጭኑን ቆነጠጠችውና «አንተ ትልቅ ልጅ አይደለህ እንዴ!» ብላ ጮኸችበት። ልጁ አላለቀሰም። ሄዶ የሕፃኗ ጨርቅ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ። ያለቀሰችው እሷ ናት።

እውነቱን ልናገርና እኔም መጀመሪያ ያልኩት «ይሄ ልጅ ቀብጧል» ነበር። በኋላ ግን ቁጭ ብዬ አየሁት። ጨርቋን ያረጠበችው ትታቀፋለች፣ ትታጠባለች፣ ትሳማለች። ፖፖ ላይ የተቀመጠው ደግሞ «ቆይ፣ መጣሁ» ይባላል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ? ልጁ «ትልቅ» የሆነው አድጎ ሳይሆን ታናሽ ስለመጣችበት ነው። ታናሽ ሲወለድ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቁንጥጫው ይቅር። የፈራ ልጅ ካካውን ይዞ ይቆያል፤ ሲቆይ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያመዋል፤ ያመመው ልጅ ደግሞ ጨርሶ ፖፖ አያይም። አንድ ሁለት ሳምንት ተዉትና እንደገና ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ የቡና አገር ሰው ያልቀላ ቡና እንደማይለቀም ያውቃል። ልጅም እንደዚያው ነው። ብዙዎቹ ከዓመት ተመንፈቅ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይሸና ከቆየ፣ «መጣብኝ» ማለት ከቻለ፣ ሱሪውን ራሱ ካወረደ ቀልቷል ማለት ነው። ባለላስቲክ ሱሪ አድርጉለት። ቴፒ ላላችሁት ደግሞ አገሩ ሞቃት ነው፤ ቤት ውስጥ በሸሚዝ ብቻ ቢሮጥ ምን ችግር አለው?

ሦስተኛ፣ ፖፖውን እናት የምታጠባበት ቦታ አጠገብ አስቀምጡት። ከእንቅልፍ ሲነሳና ምግብ ሲበላ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ እሷም እያጠባች ተረት ታውራለት። ያኔ ፖፖ ከእናት የሚለይ ሳይሆን ከእናት ጋር የሚያገናኝ ይሆናል። የአራት ዓመቷ እህቱም ታሳየው። ግን «እህትህን አታይም?» የሚባል ነገር አይነሳ!

አራተኛ፣ ጭቃው በሚያንሸራትትበት አገር የጓሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ ለትንሽ ልጅ ያስፈራል፤ መፍራቱም ልክ ነው። ፖፖውን ቤት ውስጥ ይጠቀም፤ ትልቅ ሰው ሽንት ቤት ይድፋለት። «የሕፃን ካካ ምን አለው» ብሎ እንሰት ሥር መጣል ቤተሰቡን ለተቅማጥና ለወስፋት መጋበዝ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱም የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ነው። ከዚያ የእናትም የልጅም እጅ በሳሙና!

የሌሊቱን ግን አትቸኩሉበት። እስከ አምስት ዓመት አልጋ ቢያረጥብ ጉድ አይባልም፤ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ አንጥፉ። ሽንቱ የሚያቃጥለው ወይም ካካው ደም ያለበት ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አባወራዎችስ? ፖፖ መድፋት ወንድነት አይቀንስም። ሌላው ነገር ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ከአንድ ወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ቢቆይ ይመክራሉ። ይሄ የሚስት ብቻ ሳይሆን የሁለታችሁ ጉዳይ ነው።

ልመለስ ስል ልጁ ፖፖውን እየጎተተ መጥቶ የምታጠባ እናቱ እግር ሥር አኖረው። ምንም አልወጣውም። ተቀምጦ የጅብና የአህያ ተረት ብቻ ሰማ። ጓደኛዬ አየችኝና ሳቀች። ለዚያ ቀን ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!