ካቻቢቴውን ወዲህ በሉት

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።» ይህችን ተረት ዘንድሮ ስንቴ እንደተተረተችብኝ ቁጥሯ ጠፍቶኛል። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? የገዛ መኪናዬን ቴፕ በገዛ እጄ ገጠምኩ። ይኸው ነው። ሰው አልሰደብኩ፣ ድንበር አልገፋሁ፣ ዕቁብ በልቼ አልጠፋሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ዳሽቦርዱ ሥር ስለገባሁ፣ ቢቸና ላይ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ከበበኝ። «ኧረ ተው አያ፣ መኪናዋን ታቃጥላታለህ!» «ምናለ ለባለሙያ ብትተወው!»

እሺ። ለባለሙያ ትቼው የሆነውን ልንገራችሁ።

አምና ይህችኑ መኪና ቴፕ እንዲገጥምልኝ ለባለሙያ ሰጥቻት ነበር። የት ከተማ፣ የማን ቤት አልልም፤ ጠቤ ከአንድ ሰው ጋር አይደለምና። በግማሽ ሰዓት ጨረሰ። ሙዚቃውን አስጮኸልኝ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሸኘኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ልጆቼን ከኋላ ጭኜ ወደ ሞጣ ስሄድ፣ ደብረ ወርቅን እንዳለፍን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከቴፑ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ልጆቹን አስወርጄ ባትሪውን ነቀልኩ። ዳሽቦርዱን ስፈታው ያየሁት እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሽቦዎቹ በጥርስ ተልጠዋል፣ በጣት ተጠምዝዘዋል፣ ግማሾቹ በፌስታል ቁራጭ ተጠቅልለዋል። ፋብሪካው የሠራው ሶኬት ተቆርጦ ተጥሏል። ፊውዝ በነበረበት ቦታ ደግሞ የመዳብ ሽቦ ክር ተወትፏል።

ታዲያ ንፍጡን የለቀለቀው ማን ነው?

ፊውዝ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ይስማ። ፊውዝ ለቴፑ ሲባል ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ሽቦውን ይጠብቃል። ሽቦው ተላልጦ ቦዲው ላይ ሲነካ ኤሌክትሪኩ እንደ ክረምት ጎርፍ ይለቀቃል፤ ፊውዙ በዓይን ቅጽበት ተበጥሶ ያቆመዋል። በእሱ ፋንታ የመዳብ ክር ከተደረገ ግን የሚበጠስ ነገር የለም። ሽቦው ራሱ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ከዚያ ስፖንጁና ምንጣፉ ይያያዛል። ያ ክር ያዳነው የአንድ ፊውዝ ዋጋ ነው። ሊያጠፋ የነበረው ልጆቼን ነው። ይህን ያደረገ ሰው «ባለሙያ» ተብሎ፣ ፊውዝ ገዝቼ በቦታው የመለስኩት እኔ «አላዋቂ» እባላለሁ?

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በፒስታው ስንት ዘመን አንገጫግጮናል? በጣት የተጠመዘዘ ሽቦ እዚያ መንገድ ላይ ስንት ቀን ይቆያል ብላችሁ ነው?

አሁን ደግሞ «ረቂቅ ሙያ» የምትሉትን ላስቆጥራችሁ። ከቴፑ ጀርባ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ ይመጣል፤ ሰዓቱንና የያዘውን ጣቢያ እንዳይረሳ ሁልጊዜ ኃይል ይፈልጋል። ቀዩ በቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋው ነው። ጥቁሩ ነጌቲቭ ነው፣ ከቦዲው ይታሰራል። ሰማያዊው ለአንቴናና ለአምፕሊፋየር ነው። ነጩ የፊት ግራ ስፒከር፣ ግራጫው የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የኋላ ግራ፣ ሐምራዊው የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለባቸው ጥንዶቻቸው የየስፒከሮቹ ነጌቲቭ ናቸው፤ እነሱን ቦዲ ላይ ያሰረ ሰው የቴፑን አይሲ ያቃጥላል። አለቀ። ዳዊት ለደገመ፣ ፊደል ለቆጠረ ሕዝብ ይህ ይከብዳል?

«መኪናው ላይ ያለው ሽቦ ቀለም ግን ሌላ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በብዙ ቶዮታዎች የባትሪው መስመር ሰማያዊ ላይ ቢጫ ጭረት ያለው ነው፤ የቁልፉ ግራጫ፣ ነጌቲቩ ቡናማ። ስለዚህ ቀለም አይታመንም፣ ቴስተር ይታመናል። ቁልፉ ተዘግቶ 12 ቮልት ያሳየው ቢጫውን ይቀበላል። ቁልፉ ሲከፈት ብቻ የሚያሳየው ቀዩን ይቀበላል። ይህን ለመለየት የፈጀብኝ አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ያ ባለሙያ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ባትሪው ላይ ለጥፎልኝ ነበር። በሞጣ ብርድ ማለዳ ስንት ቀን መኪና አስገፍቻለሁ! «ባትሪህ አርጅቷል» ተብዬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ባትሪው አላረጀም። ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠባው ያድር ነበር። የዚህን ኪሳራ ማን ይክሰኛል?

ኪሳራችንስ መቼ በዚህ ያበቃል? ከጃፓን የመጣ መኪና የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሬዲዮው ሸገርን አይዝም። ተበላሽቶ አይደለም። የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ይጀምርና 90 ላይ ያቆማል፤ በቅርብ ዓመታት ነው 95 የደረሰ። የባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ናቸው። አንዳቸውም እዚያ ውስጥ አይገቡም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረን አጥተን «አንቴናው ነው» ተብለን አንቴና ገዛን፤ «የሞገድ ማስፊያ ያስፈልገዋል» ተብለን ማስፊያ ገዛን፤ በመጨረሻ «ቴፑን ቀይረው» ተባልን። ሦስት ጊዜ ከፈልን። በካርቶኑ ላይ «60 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ እያየንም አፋችንን ከፍተን እንገዛለን። የቴፑን ጀርባ አዙሩት፤ የ10 አምፒር ፊውዝ ከተሰካበት 10 በ14 ቮልት ሲባዛ 140 ዋት ነው። ካርቶኑ ያለው 240 ዋት ከየት ይመጣል? ይህ የአምስተኛ ክፍል ማባዛት ነው። ማባዛት የማይችል ገዢ ሁሌም የሚታለብ ላም ነው።

የጭነት መኪኖቻችን ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። የእነማይ ወረዳን ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚወርደው አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎለት በ24 ቮልት የሚሠራ ነው። ቴፑ የሚፈልገው 12 ነው። ባለሙያ የተባለው ሰው ምን ያደርጋል? ከሁለቱ ባትሪዎች መሃል ሽቦ ይጎትታል። ቴፑ ይዘፍናል፣ ሾፌሩ ያመሰግናል። አንደኛው ባትሪ ግን ብቻውን ይታለባል። ዲናሞው ለሁለቱም እኩል ስለሚሰጥ የታለበው አይሞላም፣ ያልታለበው ከመጠን በላይ ሞልቶ ውሃው ይፈላል። ሁለቱም ያለጊዜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ገበያ ላይ ሞልቷል። ለምን አይገጠምም? ባለንብረቱ ስለማያውቅ አይጠይቅም። የማይጠየቅ ደግሞ አይጠነቀቅም። ከደጀን በታች ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በጨለማ መብራት የጠፋበትን አይሱዙ አስቡት። ያኔ ተራቹ የት አለ? ያቺ «ለባለሙያ ተወው» የምትል አፍ የት አለች?

አሁን ወደ ሆዴ ቁስል ልምጣ። እውነት እናንተ ባለሙያ ታከብራላችሁ? ያንን ቴፕ ገጣሚ ልጅ ዝናብና ፀሐይ ላይ መንገድ ዳር አስቀምጣችሁ የምታሠሩት እናንተ ናችሁ። «ቶሎ በል፣ መንገደኛ ነኝ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ለአንድ ፊውዝ የምትከራከሩት፣ «ሽቦ ብቻ አይደል እንዴ ያገናኘኸው» ብላችሁ ዋጋውን የምታራክሱት እናንተ ናችሁ። ልጃችሁ ሬዲዮ ሲፈታ «አትነካካ!» ብላችሁ እጁን የምትመቱት እናንተው። ውጤት ያልመጣለት ልጅ ቴክኒክና ሙያ ሲገባ አንገታችሁን የምትደፉት እናንተው። ሙያ የሚባለው ነገር ክብር የሚያገኘው እኔ ካቻቢቴ ያነሳሁ ዕለት ብቻ ነው? ይህ አክብሮት አይባልም። እጅን ማቆሸሽ መጸየፍ ነው። አዲስ ካፖርት የለበሰ አሮጌ ንቀት ነው።

አሮጌነቱን ታውቁታላችሁ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን ስም እያወጣን ስንሰድብ ኖረን፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሰደበ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደረሱ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡን ተውነው፤ መጸየፉ ግን አለ። የሚገርመው ይህን የምንለው ማን ሆነን ነው? የጎጃም ገበሬ እኮ ነን! ሞፈሩን ራሱ ጠርቦ፣ ቀንበሩን ራሱ አስተካክሎ፣ ድግሩን ከወገሉ አዋድዶ የሚያርስ ገበሬ ልጆች ነን። አባቴ እርፉ በተሰበረ ቁጥር ባለሙያ ፍለጋ ገበያ ቢሄድ ኖሮ ጥቁሩ አፈር ጦም ያድር ነበር። የአባቱን ማረሻ ያዋደደ እጅ አሥራ ሁለት ሽቦ ማገናኘት ያቅተዋል ብሎ ማን ነው የነገረን?

«የቴፕ ገጣሚዎቹን እንጀራ ልትዘጋ ነው?» የሚለኝም አልጠፋም። እንዲያውም እከፍተዋለሁ። ሞተሪኖ የሚጠግን፣ ዲናሞ የሚጠመጥም፣ የተቃጠለ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈትሽ እውነተኛ ኤሌክትሪሻን ከእኔ ጋር ሥራ አይሻማም። እሱን የጎዳው በጥርስ የሚልጠው ሰው ነው፤ ሥራቸውን የማይለይ ደንበኛ ለሁለቱም እኩል ስለሚከፍል። ደንበኛው ያወቀ ዕለት ደህናው ሠራተኛ ደህና ዋጋ ያገኛል። ሁሉንም ንኩ አላልኩም። ባትሪ ሳይነቀል አንድም ሽቦ አይነካም። ቢጫ ሶኬት ያለው የኤርባግ መስመር አይነካም፤ እሱ ቀልድ አያውቅም። ወሰኑን የሚያውቀው ግን ነክቶ የተማረ ነው። ከሩቅ ሆኖ «አትንካ» የሚል ሰው የቱ እንደሚነካ፣ የቱ እንደማይነካ እንኳ አያውቅም።

ይህ የቴፕ ነገር ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ነገን እዩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ማለት ምን ማለት ነው? አሁን በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ያረጃሉ። ሽቦአቸው ይደርቃል፣ ልባሱ ይሰነጠቃል። ያረጀ መኪናን የሚያኖረው የሚያውቀው ባለቤት ነው። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባል የለም? ምኑ እንደታመመ የማያውቅ ባለቤት ምን ብሎ ይጮኻል? ሬዲዮውም ቢሆን ቅንጦት አይደለም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት በጠፋብን ጊዜ፣ መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን ወሬ የምንቃርመው ከሬዲዮ ነበር። ያኔ ያልሠራ ሬዲዮ የዘፈን ጉዳይ አልነበረም።

የዚያን እሑድ ነገር ልጨርስ። የተቆረጠውን ሶኬት የሚተካ ገዝቼ አስገባሁ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በየድኩ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው በፕላስተር ጠቀለልኩ። ባትሪውን መለስኩ። ቴስተሩን ይዛ ቁጥሩን ያነበበችልኝ የአሥር ዓመቷ ልጄ ናት። «አባዬ፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት!» ባትሪውን መለስኩ። ቁልፉን አዞርኩ። በራ። ይኸው ወራት አለፉ፣ ሞጣ ስንቴ ደርሼ መጣሁ፤ አንድ ጠዋት እንኳ አላስገፋሁም።

ያን ዕለት ከሁሉ አብልጦ የጮኸብኝ ጎረቤቴ በሦስተኛው ቀን፣ መሸትሸት ሲል፣ ነጠላውን ተከናንቦ በሬን አንኳኳ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ፣ ያ ከባትሪ የሚመጣው የቱ ነበር?» አለኝ። ቢጫው ነው አልኩት። ከእሱ ወዲህ አራት መጥተዋል። ሁሉም እንደ ኒቆዲሞስ በሌሊት። ሁሉም «ለሰው እንዳትነግርብኝ» እያሉ። ቀን ላይ የሚተርቱብኝ ማታ ይጠይቁኛል።

ምኑ ነው የሚያሳፍረው? መስረቅ ነው? መዋሸት ነው? በገዛ ገንዘባችሁ የገዛችሁትን ነገር ማወቅ ለምን በጨለማ ይሆናል? እኔ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ደጃፌ ላይ ነኝ። ካቻቢቴውም፣ ቴስተሩም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ግን በቀን ኑ።