«ታስክ» ግብር ነው ወይስ ተግባር?

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «ታስክ»። አሠልጣኙ «ታስኩን ሠርታችሁ አምጡ» ይላል፤ እጩ መምህሩም ለማስተማር ልምምድ ሲወጣ ይህንኑ ይደግማል። ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ ብለን ጠይቀን እናውቃለን? እንዲያው ለቃላት ጨዋታ ያህል አይደለም። ነገ ሕፃናት ፊት ቆመን ሥራ የምናዝ ሰዎች፣ የምናዘውን ነገር ምንነት ማወቅ ይገባናል።

«ታስክ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ ከሰሜን ፈረንሳይ አነጋገር ነው። ሥሩ የላቲኑ «ታክሳሬ» ሲሆን፣ ትርጉሙም መገመት፣ ዋጋ ማውጣት ነው። «ታክስ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ «ክስ» የነበረው ድምፅ ተገለባብጦ «ስክ» ሆነ እንጂ። በመጀመሪያ «ታስክ» ማለት ባለሥልጣን በበታቹ ላይ የሚጥለው የተቆረጠ ክፍያ ወይም ሥራ ነበር። መሠራት ያለበትን ማናቸውንም ሥራ ማመልከት የጀመረው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ አይርቅም። በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ነው። ተግባርና ምግባር የወጡት ከዚሁ ነው፤ ግብርና ገባርም እንዲሁ። እንግሊዝኛው ከግብር ተነሥቶ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ የእኛው ከሥራ ተነሥቶ ግብር ላይ ደረሰ። ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነው፤ ሥራና ግብር ጎረቤታሞች ናቸው፣ አንዱ ሳይታወቅ ሌላውን ይሆናል።

ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ግብር የሚጠይቀው መጠኑን ብቻ ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5፣ ፈርዖን ጭድ ከልክሎ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል ሲያዝ፣ ለዚያ የቀን ሥራ የገባው ቃል ይኸው «ታስክ» ነው። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪዎች በሚታደልበት ክፍል «ከገጽ 20 እስከ 30 ያለውን ሁላችሁም ለነገ ሠርታችሁ ኑ» ማለት ጡብ ያለ ጭድ መጠየቅ አይደለም ትላላችሁ?

«ተማሪ ካልተጫኑት አይሠራም» የሚሉ አሉ። ያለ ልምምድ ቋንቋም ሆነ ሒሳብ እንደማይለመድ አይካድም። ክርክሩ ግን ሥራ ይብዛ ወይም ይነስ አይደለም። ሥራው ተግባር እንዲሆን ሦስት ነገር ይበቃል፤ ተማሪው ለምን እንደሚሠራው ይነገረው፣ የሚሠራበት ነገር ይኑረው፣ ታርሞም ይመለስለት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በድሮው ሥርዓት ገባሩን ያስጨነቀው ጌታ እንኳ ግብር ከማስገባት ሌላ በበዓል ቀን ግብር ያበላ ነበር። ደብተር ሰብስቦ ሳያርም ከጠረጴዛው ሥር የሚከምር መምህር ግን ያስገባል እንጂ አያበላም።

ይህ ነገር አሠልጣኞችንም እጩ መምህራንንም ይመለከታል። የትምህርት ዕቅድ ለተቆጣጣሪ ለማሳየት ብቻ ሲጻፍ ግብር ነው፤ የነገውን ክፍለ ጊዜ ለመምራት ሲጻፍ ግን ተግባር ነው። እንግዲህ «ታስክ» ብለን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችን በፊት፣ ስንቱን ደብተር በእጃችን አርመን እንደምንመልስ አስቀድመን እንቁጠር።